ልጅቷ ሳትሄድ ቃሏ ይያዝ፦ ከጅማ ለፍትሕ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጅማ፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም

ለኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ፍትሕ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሰው የመነገድ ወንጀል መዝገቦች በምስክር እጦት እየተዘጉ ስለመሆናቸው

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ የሥራ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን በቅርቡ የተዘጋ አንድ መዝገብ ነው። ከጅማ የአንድ ሰዓት መንገድ ከሚርቅ ቡና አብቃይ ወረዳ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተልካ፣ ደመወዟን ተከልክላ፣ በመጨረሻ ተይዛ በሊሴ ፓሴ (ፓስፖርት በሌለበት በሚሰጥ የጉዞ ወረቀት) የተመለሰች ወጣት ለፖሊስ ቃሏን ሰጠች። ቃሏ ስድስት ገጽ ነው። ደላላዋ ተያዘች፣ ክስ ተመሠረተ፣ ምስክር ለመስማት ቀጠሮ ተሰጠ። ለሦስተኛው ቀጠሮ የወጣው መጥሪያ ቀበሌው ሲደርስ እናትየው “ተመልሳ ሄደች” አሉ። ክሱ ከተመሠረተ አሥራ አንደኛው ወር ላይ ነበር። መዝገቡ “የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሊገኝ ስላልቻለ” ተብሎ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ተመለሰ፤ ደላላዋም ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በመዝገቡ ላይ አንድም ሰው በስም የሚያስጠይቅ ጥፋት አይገኝም። ፖሊስ ቃል ተቀብሏል፣ ዐቃቤ ሕግ ክስ አቅርቧል፣ ፍርድ ቤቱ በትዕግሥት ሦስት ጊዜ ቀጥሯል። ሁሉም የየድርሻውን ሠርቶ መዝገቡ ሞተ። ለናንተ መጻፍ የመረጥነው ለዚህ ነው፤ ጥፋቱ የአንድ ሰው ቢሆን ኖሮ አቤቱታችንን እዚሁ ጅማ እናቀርብ ነበር።

ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍነውም በምክንያት ነው። እዚህ ችሎቱ የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው። መዝገቡ በይግባኝ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን የሚነበበው በአማርኛ ነው። በዚህ መካከል የሚጠፋውን ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መንግሥት የፍትሕ ሥርዓቱን ለማሻሻልና ድንበር ተሻጋሪ ወንጀልን ለመዋጋት ቁርጠኛ መሆኑን በየመድረኩ እንሰማለን። ሕግ አልጎደለንም። የተደራጁ ድንበር ተሻጋሪ ወንጀሎችን የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ኢትዮጵያ አጽድቃለች፤ በሰው መነገድን የሚከለክለውን ፕሮቶኮልም በ2004 ዓ.ም ተቀብላለች። በሰው መነገድን የሚቀጣ አዋጅ ቁጥር 909/2007 ነበር፣ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ተተካ። የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። ችግሩ ያለው በሕጉና በቀበሌው መካከል ባለው መንገድ ላይ ነው፤ መዝገቦቹ የሚወድቁበትን ቦታ አንድ በአንድ እናሳያችሁ።

ከሁሉ የሚብሰው የምስክሩ ጉዳይ ነው። በዚህ ወንጀል ተበዳይዋ ራሷ ማስረጃ ናት፤ ይህ ማስረጃ ደግሞ ቦታው ላይ የሚቆይበት ጊዜ አጭር ነው። የጅማን ወቅት የሚያውቅ ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ጥር ቡና ይለቀማል፤ ቡናው ተሽጦ እጅ ላይ ብር ሲገባ ደላላው ይመጣል፤ መጋቢት ላይ መናኸሪያው በልጆች ይሞላል። ከስደት የተመለሰችው ልጅ ቤተሰቧ የተበደረው ገንዘብ ስላልተከፈለ ቁጭ ብላ ቀጠሮ የምትጠብቅበት አቅም የላትም። ቀጠሮው ደግሞ ለቀማው ላይ ከዋለ የቀሩት ምስክሮችም አይመጡም። የአንድ ቀን ለቀማ ትቶ፣ ትራንስፖርት ከኪሱ ከፍሎ፣ ችሎት ደጃፍ ውሎ “ዳኛ ስላልተሟላ ለሌላ ቀን ተቀጥሯል” የተባለ ገበሬ ለሁለተኛ ጊዜ ቢቀር ማን ይፈርድበታል?

ልጅቷ ስትሄድ በፋይሉ ውስጥ የሚቀረው ለፖሊስ የሰጠችው ቃል ነው። ያ ቃል ግን በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 145 መሠረት የምስክርን ተአማኒነት ለመፈተን ይጠቅም እንደሆነ እንጂ፣ ቀርቦ የመሰከረን ሰው አይተካም። ስድስት ገጽ ቃል እያለ መዝገቡ በሕግ ዓይን ባዶ ነው።

መፍትሔው በዚሁ ሕግ ውስጥ ከ1954 ዓ.ም ጀምሮ ተጽፎ ተቀምጧል። አንቀጽ 144 በቀዳሚ ምርመራ፣ ማለትም ከዋናው ሙግት በፊት በዳኛ ፊት፣ የተሰጠ የምስክር ቃል፣ ምስክሩ ከሞተ፣ አእምሮው ከታወከ፣ ሊገኝ ካልቻለ፣ ታምሞ መቅረብ ካቃተው ወይም ከአገር ውጭ ከሆነ በችሎት ተነቦ ማስረጃ እንዲሆን ይፈቅዳል። “ከአገር ውጭ ከሆነ” ይላል! የሕጉ አርቃቂ የእኛን መናኸሪያ አይቶ የጻፈው ይመስላል። ቀዳሚ ምርመራ በአንቀጽ 80 መሠረት ግዴታ የሚሆነው ለከባድ ግድያና ለከባድ ውንብድና ነው፤ በሌሎች ከባድ ወንጀሎች ግን ዐቃቤ ሕግ በአንቀጽ 38(ለ) መሠረት ማዘዝ ይችላል። የሚያካሂደው ደግሞ የወረዳ ፍርድ ቤት ነው፤ ማለትም ለልጅቷ ቤት የሚቀርበው ፍርድ ቤት። ተከሳሹ ባለበት ቃሏ በዳኛ ፊት ይመዘገባል፣ መስቀለኛ ጥያቄ ይጠየቃል። ከመካከላችን ተከሳሾችን የምንወክል ጠበቆች አለን፤ ይህ መንገድ የመከላከል መብትን እንደማይነካ የምንናገረው በዚያም ወገን ቆመን ስላየነው ነው።

ታዲያ ለምን አይሠራበትም? አንደኛ፣ ዐቃቤ ሕጉ ወደ ወረዳው የሚሄድበት መኪናና አበል የለውም። ሁለተኛ፣ ቀዳሚ ምርመራ ከግድያና ከውንብድና ውጭ ስለማይለመድ፣ መዝገቡ ሲቀርብ ሬጅስትራሩ ራሱ “ይህ ምን ዓይነት መዝገብ ነው?” ይላል። ሦስተኛ፣ ተጠርጣሪው ካልተያዘ አይቻልም፤ ስለዚህ ደላላው የተያዘበት ሳምንት ወሳኝ ነው። በአንቀጽ 59 የሚሰጠው ጊዜ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ 28 ቀን ነው። በነዚህ 28 ቀናት ልጅቷ አብዛኛውን ጊዜ አሁንም እናቷ ቤት ናት፤ ተጠርጣሪውም በእጅ ነው። የአንድ ምስክር ቃል ግማሽ ቀን ይፈጃል። ይህ ግማሽ ቀን በመጥፋቱ አሥራ አንድ ወር የተደከመበት መዝገብ ይዘጋል።

ሁለተኛው ስብራት የሚደርሰው ቀደም ብሎ፣ የመጀመሪያው ቃል ሲወሰድ ነው። በእጃችን ባለፉ መዝገቦች ያየነው የመርማሪ ጥያቄ ከሦስት ብዙም አያልፍም፦ ማን ላከሽ? ስንት ከፈልሽ? በየት በኩል ሄድሽ? በነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ላይ ቆሞ በሰው የመነገድ ወንጀልን ማቋቋም አይቻልም። ፓስፖርትሽን ማን ያዘው? የተነገረሽ ሥራና ደመወዝ ምን ነበር፣ የተሰጠሽስ? በሩ ከውጭ ይቆለፍ ነበር? ዕዳ አለብሽ ተብለሻል? የመን ላይ ለቤተሰብሽ ደውሎ ገንዘብ ላኩ ያለው ማነው፣ በየትኛው ቁጥር? የብዝበዛው ዓላማ የሚወጣው ከነዚህ ነው። ካልተጠየቁ በመዝገቡ ላይ የሚቀረው ገንዘብ ተቀብሎ የላከ ሰው ብቻ ነው። ልጅቷ “ወድጄ ነው የሄድኩት” ካለችማ መርማሪው ብዕሩን ያስቀምጣል። ማታለል ወይም ማስገደድ ካለ ፈቃዷ ወንጀሉን እንደማያስቀር፣ ለአካለ መጠን ካልደረሰች ደግሞ ማታለሉንም ማስረዳት እንደማያስፈልግ የሚያስታውሰው ሰው በአጠገቡ የለም።

ውጤቱ የሚታየው በክሱ ስም ላይ ነው። በሰው የመነገድ ወንጀል በፌዴራል ሥልጣን ሥር ስለሆነ በክልል የሚታየው በውክልና ነው፤ ማታለል ግን እዚያው ወረዳ ላይ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሥራ የበዛበት ዐቃቤ ሕግ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ማታለል ብሎ ይከሳል። በአዋጅ 1178 ተበዳይዋ ሴት ወይም ሕፃን ስትሆን ቅጣቱ ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ30,000 እስከ 100,000 ብር መቀጮ ነው፤ ተበዳዩ አዋቂ ወንድ ቢሆን እንኳ ከ7 እስከ 12 ዓመት ነው። በ692 ግን የጽኑ እስራቱ ጣሪያ 5 ዓመት ነው። ከቅጣቱ ማነስ የሚከፋው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ ጉዳዩ የገንዘብ ጠብ መስሎ ስለሚታይ ሽማግሌ ይገባበታል። ጃርሱማ፣ የሽማግሌ እርቅ፣ በእኛ አገር የተከበረ ነገር ነው፣ ብዙ ጠብ አብርዷል፤ ሰው ለሸጠ ሰው ግን አልተሠራም። ደላላው የተቀበለውን ግማሽ ይመልሳል፣ አባትየው “ታርቀናል” ብሎ ይፈርማል፣ የልጅቷ የሁለት ዓመት ጉልበት በሽምግልናው ላይ አይነሳም።

የዕድሜን ነገር በአጭሩ እናንሳ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ነው። ዛሬ 16 ዓመቷ የሆነ ልጅ የተወለደችው ከዚያ በፊት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የልደት ሰርተፊኬት የላትም። ያላት ደላላው ያወጣላት፣ 21 ዓመት የሚል የቀበሌ መታወቂያ ነው። ሆስፒታል በኤክስሬይ ሲገምት “ከ17 እስከ 19” ብሎ ይጽፋል፤ ጥርጣሬው ለተከሳሽ ይጠቅማል። የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የክትባት ካርድ፣ የታላቅና የታናሽ እኅት ዕድሜ እየተሰበሰበ ከኤክስሬዩ ጋር ቢያያዝ ክፍተቱ ይጠብ ነበር። ይህን የሚሰበስብ ሰው አይመደብም። መታወቂያውን ማን እንዳወጣላትም አይጠየቅም፤ ያ ጥያቄ ግን ራሱን የቻለ ሁለተኛ መዝገብ ይወጣው ነበር።

ስልክ። ዛሬ ልጅቷን የሚመለምሏት በቲክቶክና በቴሌግራም ነው፤ ድርድሩ ያለው በኢሞና በዋትሳፕ የድምፅ መልእክት ውስጥ ነው። በየካቲት 2017 ከምያንማር የማጭበርበሪያ ካምፖች ከተለቀቁት የብዙ አገር ዜጎች መካከል በርካታ ኢትዮጵያውያን እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል፤ በዚያ ዓይነት ጉዳይ ከስልኩ ውጭ ማስረጃ የት ይገኛል? እኛ ዘንድ የሚሆነው ይህ ነው፦ መርማሪው ስልኩን በኤግዚቢትነት ይይዝና መሳቢያ ውስጥ ያስገባዋል። የሚገለብጥበት መሣሪያ ጅማ የለም፣ ስልኩ አዲስ አበባ መላክ አለበት፣ 350 ኪሎ ሜትር። ወራት ያልፋሉ። ባትሪው ያልቃል፣ ሲም ካርዱ በሌላ ሰው ስም ነው፣ ላኪው በበኩሉ መልእክቱን ከሁለቱም ወገን አጥፍቶታል። በስክሪን ሾት ታትሞ ቢቀርብ “ማን እንደላከው አይታወቅም” የሚል መቃወሚያ ይነሳበታል፤ ከእኛ አንዳንዶቻችንም አንስተነዋል፣ ትክክልም ነው። ስልኳ ለዓመት የተያዘባት ልጅ ወሬው በመንደሩ ከተሰማ በኋላ ደግሞ ቀጣይዋ ተመላሽ ስልክ እንዳላት ለፖሊስ አትናገርም። ስልኩ ተገልብጦ በሦስት ቀን ቢመለስ ይህ ሁሉ አይከተልም።

ገንዘቡን በተመለከተ የምንለው ብዙ ነው፣ ግን እናሳጥረው። ደላላ በራሱ ሒሳብ ገንዘብ አይቀበልም። በዘመድ፣ በተማሪ፣ በቡና ሰብሳቢ ሒሳብ ወይም በቴሌብር ይቀበልና በዚያው ቀን ያወጣዋል፤ ትልቁ ክፍል ከባንክ ውጭ በሚሠራ ሐዋላ ይሻገራል። የወረዳ መርማሪ የባንክ መግለጫ ሲጠይቅ ቅርንጫፉ “ዋና መሥሪያ ቤት ጠይቁ” ይለዋል፤ ትእዛዙ አዲስ አበባ ሄዶ እስኪመለስ ሒሳቡ ባዶ ሆኗል። በዚህም ምክንያት በደላላ መዝገብ ላይ የእግድ ትእዛዝ ማየት ብርቅ ነው። በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ ማስመሰልን ወንጀል የሚያደርግ አዋጅ አለ፤ በ2017 ዓ.ም የንብረት ማስመለስ አዋጅም ጸድቋል። ሁለቱም ጅማ የሚደርሱት በሥልጠና መልክ እንዳይሆን እንሰጋለን።

አሁን ወደ ቋንቋው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ ይሠራል፤ በዚህ ሥልጣኑ የሰጠው ውሳኔ ይግባኝ የሚባልበት ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። መዝገቡ ይተረጎማል። ማን ይተረጉመዋል? አንዳንዴ ጸሐፊ፣ አንዳንዴ ባለጉዳዩ ከፍሎ ጽሕፈት ቤት ያስተረጉመዋል። አንድ ምሳሌ እንስጥ። አንዲት ተበዳይ ስለ ደላላዋ ስትናገር “ደበርሲቴ ነ ኬኒቴ” አለች፤ አሳልፋ ለሌላ ሰው ሰጠችኝ ማለቷ ነው። ትርጉሙ “አሻገረችኝ” ብሎ መጣ። “ደበርሱ” ማሳለፍም ማሻገርም ይሆናል፤ “ኬኒቴ” የሚለው፣ ሰጠች ማለት፣ ወድቆ ቀረ። በአዋጁ ደግሞ ሰውን አሳልፎ መስጠት በሰው የመነገድ አንዱ ተግባር ነው፤ ማሻገር ሌላ ወንጀል ነው። አንዲት ግሥ ብትወድቅ ወንጀሉ ተለወጠ። ስህተቱ የታወቀው ከእኛ አንዱ የአፋን ኦሮሞውን ገጽ ከጎኑ አስቀምጦ ስላነበበ ነው፤ ዋናው ገጽ ከትርጉሙ ጋር የማይያያዝበት ጊዜ ይበዛል።

ስለ ካሣ ጥቂት። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ተበዳይ በወንጀሉ ክስ ውስጥ ካሣ እንድትጠይቅ ይፈቅዳል፤ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ግን ሙግቱ ሲከፈት ነው። ተበዳይዋ ጠበቃ የላትም፣ የሚነግራትም የለም፣ ስታውቅ ጊዜው አልፏል። አዋጁ የሚያነሳው የተጎጂዎች ፈንድ እኛ ከያዝናቸው ተበዳዮች ለአንዷም ደርሶ አላየንም።

“ትልልቆቹን ዓሣዎች እንያዝ፣ የመንደር ደላላ ምን ያደርጋል” የሚል ክርክር እንደሚነሳ እናውቃለን። ስለ ትልቁ ዓሣም እናንሳ። በሊቢያ ስደተኞችን በማሰቃየትና በማስለቀቂያ ገንዘብ የሚታወቀው ኪዳኔ ዘካርያስ ሀብተማርያም በ2012 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የተያዘው አንድ ተበዳይ መንገድ ላይ አይቶ ስላወቀው ነው። በየካቲት 2013 ከፍርድ ቤት ግቢ አመለጠ፤ በሌለበት ተፈረደበት፤ ዳግም የተያዘው በ2015 ሱዳን ውስጥ ነው። የመጀመሪያውን መያዝ ያስገኘው ተበዳይ እንጂ ግብረ ኃይል አልነበረም። የእኛ ልጆችም የሚያውቋቸው ሰዎች አሉ፤ የጅማውን፣ በአፋር የሎጊያውን፣ በጅቡቲ የኦቦኩን፣ የሪያዱን ሰው በስም፣ በድምፅ፣ በስልክ ቁጥር ያውቃሉ። መዝገቧ የተዘጋባት ልጅ ከስድስቱ ገጽ በሁለቱ ላይ አራት ሰዎችን ጠቅሳለች። ያንን ገጽ ከሌላ ወረዳ ገጽ ጋር ያስተያየ ሰው ግን የለም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ሚኒስቴሩ፣ ከኦሮሚያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጋር ተነጋግሮ፣ በሰው የመነገድ ጥርጣሬ ባለበት መዝገብ ሁሉ ተጠርጣሪው በተያዘ በ28 ቀን ውስጥ የተበዳይ ቃል በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 38(ለ) እና 80 መሠረት በወረዳ ፍርድ ቤት እንዲመዘገብ የጽሑፍ መመሪያ ያውጣ፤ ለዐቃቤ ሕጉ ጉዞና ለምስክሩ ትራንስፖርትና የቀን ወጪም በጀት ይመድብ። ከቀሩት ጥያቄዎቻችን ሁሉ ይህን እናስቀድማለን፤ አንድ ብቻ ምረጡ ብትሉን እንኳ የምንመርጠው ይህን ነው።

ደላላን በአንቀጽ 692 ለመክሰስ የተዘጋጀ መዝገብ ከመከፈቱ በፊት፣ በአዋጅ 1178 የማይከሰስበት ምክንያት በአንድ ገጽ ተጽፎ በኃላፊ ይፈረም። ለመርማሪዎች በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የተዘጋጀ፣ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ የቃል መቀበያ ጥያቄ ይሰጣቸው፤ ከፈለጋችሁ ረቂቁን እኛ በነጻ እናዘጋጃለን። ለጅማ አንድ የስልክ መገልበጫ መሣሪያና የሠለጠነ አንድ ባለሙያ ይመደብ፣ የተበዳይ ስልክ በሦስት ቀን ይመለስ። የባንክና የቴሌብር መረጃና እግድ በዞን ደረጃ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ መልስ የሚያገኝበት መንገድ ከፋይናንስ ደኅንነት አገልግሎት ጋር ይበጅ። ወደ ይግባኝ የሚላክ መዝገብ ቃለ መሐላ በፈጸመ አስተርጓሚ ይተረጎም፣ ዋናው የአፋን ኦሮሞ ገጽም ከትርጉሙ ጋር ይያያዝ። ካሣ የመጠየቅ መብት ለተበዳይ በመጀመሪያው ቃል ላይ ተነግሯት ትፈርም።

በመጨረሻም፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት በጅማ ዞን በአዋጅ 1178 የተከፈቱ መዝገቦች ስንት እንደሆኑ፣ ስንቱ በፍርድ እንዳለቀና ስንቱ በምስክር እጦት እንደተዘጋ በአኃዝ ይገለጽልን። መልሱን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በጅማ ከተማና በአካባቢው ወረዳዎች ለስደት ተመላሾችና ለቤተሰቦቻቸው ነጻ የሕግ አገልግሎት የምንሰጥ ጠበቆችና የሕግ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለኦሮሚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት
ለኦሮሚያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ
ለጅማ ዞን አስተዳደር